የመድኃኒት መልክና የመድኃኒት ስም፦ የሄንሪ ዌልካም ሕይወትና ሥራ

ሕመምተኛ ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን መልኩን ነው። ነጩ ክኒን፣ ባለሁለት ቀለሙ ካፕሱል፣ ጣፋጩ ሽሮፕ፣ የዓይኑ ጠብታ ወይም የቁስሉ ቅባት እያለ ይጠይቃል። ባለሙያው ግን ከዚህ መልክ በስተኋላ ሦስት ቁም ነገሮች እንዳሉ ያውቃል፤ እነርሱም የመድኃኒቱ ምንነት፣ መጠኑና የአሰጣጡ መንገድ ናቸው። ሦስቱ በአንዲት ትንሽ እንክብል ተጠቃለው፣ ዛሬ የተገዛው ነገ ከሚገዛው፣ በአንድ ከተማ የተሸጠው በሌላው ከተሸጠው ጋር እኩል ሆኖ እንዲገኝ መጠበቁ አሁን ማንንም አያስደንቅም። ይህ ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሳይሆን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በብዙ ድካምና በብዙ ክርክር የተገኘ ውጤት ነው።

ከዚህ ውጤት ጋር ስማቸው ከተያያዘ ሰዎች አንዱ ሄንሪ ሰሎሞን ዌልካም ነው። ዌልካም አዲስ መድኃኒት አላገኘም፤ ታብሌትን የፈለሰፈውም እርሱ አይደለም። የእርሱ ድርሻ መልክን፣ መጠንንና ስምን በአንድነት ማሰሩ ነበር። መልኩንና መጠኑን ያሠረበት ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ስሙን ያሠረበት ግን እርሱ በሕይወት ሳለ መላላት ጀመረ። የሕይወቱ ታሪክ ለመድኃኒት ባለሙያዎች ትምህርት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሄንሪ ዌልካም ነሐሴ ወር 1853 በሰሜን አሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ አልመንድ በምትባል የገጠር መንደር ከግንድ በተሠራ ቤት ተወለደ። አባቱ ገበሬ ሲሆን በኋላ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ የሚሰብክ ሰው ሆነ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ሄንሪ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ጓዛቸውን በጋሪ ጭነው ወደ ሚኒሶታ ግዛት፣ ጋርደን ሲቲ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተሻገሩ። በዚያ አጎቱ ጄኮብ ዌልካም ሐኪምም ባለ መድኃኒት ቤትም ነበር።

በ1862 የዳኮታ ሕዝብ በመሬቱ መወሰድና በረሃብ ተማርሮ በተነሣ ጊዜ በአካባቢው ከባድ ውጊያ ሆነ። የዘጠኝ ዓመቱ ሄንሪ ጥይት በማቅለጥ ከረዱት ልጆች አንዱ ነበር፤ አጎቱ ቁስለኞችን ሲያክምም አጠገቡ ሆኖ አገዘ። ከዚያ በኋላ የልጁ ማረፊያ የአጎቱ መድኃኒት ቤት ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለንግድ ያቀረበው የመጀመሪያ ሸቀጥ ከሎሚ ጭማቂ የተዘጋጀ፣ በእሳት ሲሞቅ ብቻ የሚታይ የጽሕፈት ቀለም ነበር። ሸቀጡ ተራ የሎሚ ጭማቂ ቢሆንም በከተማው ጋዜጣ ያወጣለት ማስታወቂያ ግን እንደ ዓለም ተአምር የሚያቀርበው ነበር። ስም ለሸቀጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ ገና በልጅነቱ የተረዳ ይመስላል።

ጥቂት ቆይቶ ሮቸስተር በምትባለው ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረ። በዚያ ከዶክተር ዊልያም ወረል ሜዮ ጋር ተዋወቀ። ይህ ሰው ልጆቹ በኋላ በዓለም የታወቀውን የሜዮ ክሊኒክ ያቋቋሙት ነው። ዶክተሩ የወጣቱን ትጋት ተመልክቶ ትምህርቱን እንዲቀጥል አበረታታው። ዌልካም መጀመሪያ በቺካጎ፣ ቀጥሎም በፊላደልፊያ የፋርማሲ ኮሌጅ ተምሮ በ1874 ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ሽንት ቧንቧ ሰፖዚተሪ ነበር። ሰፖዚተሪ በሰውነት ሙቀት የሚቀልጥና በአፍ ሳይሆን በሌላ የሰውነት ቀዳዳ የሚሰጥ የመድኃኒት መልክ ነው። እንግዲህ ገና ከተማሪ ቤት ሳይወጣ የያዘው ጥያቄ መድኃኒቱ ምንድን ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን በምን መልክና በየት በኩል ይሰጣል የሚለውም ነበር።

ከመንከባለል ወደ መጠቅጠቅ

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት በዚያ ዘመን መድኃኒት እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ቀማሚው ሥሩን፣ ቅርፊቱን ወይም ቅጠሉን በሙቀጫ ወቅጦ፣ አልያም በአልኮል ዘፍዝፎ ቲንክቸር አውጥቶ፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለየብቻ ያዘጋጅ ነበር። ዱቄቱን ከማር፣ ከሽሮፕ ወይም ከሙጫ ጋር ለውሶ፣ እንደ ገመድ አርዝሞ፣ ቆራርጦ፣ በጣቶቹ መካከል እያንከባለለ ክብ ያደርገዋል። የአማርኛው «እንክብል» የሚለው ቃል ከመንከባለል ጋር ያለው ዝምድና ይህን የእጅ ሥራ በትክክል ይገልጻል። ነገር ግን በእጅ የተንከባለለ እንክብል ከጓደኛው ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። የቀማሚው እጅ ቢደክም ወይም ልውሱ በሚገባ ባይዋሐድ አንዱ እንክብል ብዙ፣ ሌላው ጥቂት መድኃኒት ይይዛል። ከቆየም ይደርቅና እንደ ጠጠር ሆኖ ሳይሟሟ ከሆድ ይወጣል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር በኮሶ በሚገባ ያውቁታል። የኮሶ አበባ ለኮሶ ትል ፍቱን በመሆኑ በ1864 በወጣው የብሪታንያ ፋርማኮፒያ እስከ መመዝገብ ደርሷል። ቢሆንም በብዛት ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በአንድ ጊዜ የሚጠጣ በመሆኑ ለመጠጣት አስቸጋሪ፣ ለመለካትም አዳጋች ነበር። የአበባው ዕድሜና ጾታው ሁሉ ጉልበቱን ይለውጡታል። የመድኃኒቱ ፍቱንነት ብቻውን አይበቃም፤ በሚለካና በሚወሰድ መልክ መቅረብ አለበት።

መፍትሔው በአንድ ሰው የተገኘ አይደለም። በ1834 ፈረንሳዊው ሞት የጄላቲን ካፕሱል አዘጋጀ። በ1843 እንግሊዛዊው ዊልያም ብሮክደን ዱቄትን በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ጠቅጥቆ ጠጣር ለማድረግ የሚያስችል የፈጠራ መብት አገኘ። ብሮክደን ሠዓሊ ነበር፤ የፈለገውም በመጀመሪያ ለእርሳስ የሚሆን ጥሩ ግራፋይት ነበር። ይኸው ዘዴ ለመድኃኒት እንዲያገለግል ሆነ። በአሜሪካም በፊላደልፊያ ከተማ ጄኮብ ደንተን የተባለ ቀማሚና የጆን ዋይዝ ድርጅት ዘዴውን አሻሻሉት። ዌልካም በተወለደበት በ1853 ደግሞ የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ውድና የፈረንሳዩ ሻርል ፕራቫዝ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ በባዶ መርፌ ፈሳሽ ወደ ሰውነት የማስገባትን ዘዴ አስተዋወቁ። ስለዚህ ዌልካም ወደ ሙያው ሲገባ አዳዲሶቹ መልኮች ሁሉ ነበሩ፤ የጎደለው እነርሱን በብዛት፣ በእኩልነትና በታማኝነት ማቅረብ ነበር።

ሲንኮናና ክኒን

ዌልካም ከተመረቀ በኋላ በኒው ዮርክ የመድኃኒት ንግድ ቤቶች ተቀጥሮ በየከተማው እየተዘዋወረ ለሐኪሞችና ለቀማሚዎች መድኃኒት አስተዋወቀ። ከነዚህ አንዱ የሆነው ማኬሰንና ሮቢንስ በጄላቲን የተሸፈኑ እንክብሎችን የሚሠራ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ልኮት በኢኳዶር ተራሮች የሲንኮናን ዛፍ ጫካዎች ጎበኘ። ከዚህ ዛፍ ቅርፊት ፔልቴየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፋርማሲስቶች በ1820 ኪኒንን አውጥተው ነበር። ዌልካም ቅርፊቱ እንዴት እንደሚላጥ፣ እንደሚደርቅና በሰው ጀርባ ከጫካ እንደሚወጣ ተመልክቶ በ1879 ያቀረበው ጽሑፍ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ አሳወቀው። ዛፎቹ ያለ ርኅራኄ እየተቆረጡ በመሆናቸው ምንጩ እንደሚደርቅም አመለከተ።

ይህ ኪኒን የተባለ መድኃኒት በአማርኛ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። ለወባ ይሰጥ የነበረው የአንድ መድኃኒት ስም ቀስ በቀስ ሰፍቶ «ክኒን» ማለት የሚዋጥ ጠጣር መድኃኒት ሁሉ ሆነ። የራስ ምታት ክኒን፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ የደም ግፊት ክኒን ሲባል በውስጡ የኪኒን ቅንጣት እንኳ የለም። የመድኃኒት ስም የመልክ ስም ሆኗል። ቃላት በሕዝብ አፍ ሲውሉ ባለቤታቸው ሕዝብ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ዌልካም ራሱ ይህን እውነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከባድ ክርክር ሊማረው ነበር።

በለንደን

በ1880 ዌልካም የጓደኛውን የሳይለስ በሮውዝን ጥሪ ተቀብሎ ወደ ለንደን ተሻገረ። በሮውዝም አሜሪካዊ የመድኃኒት ሰው ሲሆን ከ1878 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የዋይዝን ተጠቅጥቀው የተሠሩ መድኃኒቶች ይሸጥ ነበር። ሁለቱ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በሮውዝ ዌልካም የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በ1883 በዎንድስዎርዝ የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1889 ደግሞ ወደ ሰፊው የዳርትፎርድ ፋብሪካ ተዛወሩ።

የታብሌት አሠራር ሲነገር ቀላል ይመስላል። መድኃኒቱ ከስኳር፣ ከስታርች ወይም ከሙጫ ጋር ተደባልቆ ይጠረጠራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ልኩ በታወቀ የብረት ጉድጓድ ውስጥ ይሞላና ከላይና ከታች በሚመጡ ብረቶች ይጠቀጠቃል። ጉድጓዱ መጠኑን ይወስናል፤ ኃይሉ ጥንካሬውን ይወስናል። ኃይሉ ከበዛ ታብሌቱ በሆድ ውስጥ አይፈርስም፤ ካነሰም በመንገድ ይፈረፈራል። ዌልካም አጥብቆ የያዘው ይህን ሚዛን ነበር። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በውስጡ ያለው መድኃኒት ስንት ግሬይን እንደሆነ ይጻፍ ነበር። አንድ ግሬይን 65 ሚሊግራም ያህል ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው 325 ሚሊግራም አስፕሪን የዚያ የአምስት ግሬይን ታብሌት ልጅ ነው።

እንክብሉ ለሚዋጥ ብቻ አልተወሰነም። በምላስ ሥር የሚቀመጥ፣ በአፍ የሚመጠጥ፣ በዓይን ቆብ ሥር የሚቀመጥ እጅግ ትንሽ ስስ ገበታ፣ እንዲሁም በጥቂት ንጹሕ ውኃ ሟሙቶ ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥ ሁሉ ተሠራ። ዌልካም ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ መንገድ የተለየ የንግድ ስም አወጣ። ሶሎይድ የተባለው በውኃ ሟሙቶ ለውጭ አካል ማጠቢያ የሚሆን ነበር። ኢንዩል በፊንጢጣ የሚገባው ሰፖዚተሪ ነበር። ቬፖሮል በጨርቅ እንደተጠቀለለ ተሰብሮ ትነቱ የሚሸተተው ትንሽ ብልቃጥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ዝነኛ የሆነው ግን በመጋቢት ወር 1884 ያስመዘገበው «ታብሎይድ» የተባለው ስም ነበር።

የአንድ ቃል ታሪክ

ታብሌት የሚለው የተለመደ ቃል የማንም ንብረት ሊሆን ስለማይችል ዌልካም ጫፉን ለውጦ፣ በዘመኑ ከኬሚስትሪ ቃላት የተለመደውን ድምፅ አክሎ፣ ታብሎይድ አለው። ስሙ ለመጥራት ቀላል፣ ለማስታወስ የሚመች፣ ሳይንሳዊ ሽታም ያለው ነበር። ሐኪሞች በማዘዣቸው ይጽፉት ጀመር፤ ሕመምተኞችም በስሙ ይጠይቁ ጀመር። ዌልካም ምልክቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀው። ሌላ ሰው በሠራው ታብሌት ላይ ቃሉን የተጠቀመ ሁሉ ጠበቃ ይላክበት ነበር።

ቃሉ ግን ከባለቤቱ ቤት ሾልኮ ወጣ። ብዙ ነገር በጥቂቱ የያዘ ሁሉ ታብሎይድ መባል ጀመረ። ጥር 1 ቀን 1901 እንግሊዛዊው የጋዜጣ ባለቤት አልፍሬድ ሃርምስወርዝ ለአንድ ቀን የኒው ዮርክ ወርልድን ጋዜጣ እንዲያዘጋጅ ተጋብዞ፣ በግማሽ መጠን፣ በአጫጭር ወሬ የተሞላ አድርጎ አወጣውና በዚሁ ቃል ሰየመው። ስሙ በጋዜጣ ዓለም ሥር የሰደደውም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ1903 ዌልካም ሌሎች መድኃኒት ሻጮችን በፍርድ ቤት ከሰሰ። ተከሳሾቹ ቃሉ የሁሉ ሆኗል፣ ታብሌት ከማለት አይለይም ብለው ተከራከሩ። ዳኛው በሕዝብ ንግግር ሌላ ትርጉም ማግኘቱን አልካዱም፤ በመድኃኒት ንግድ ግን የዌልካም ድርጅት ምልክት ሆኖ መቆየቱን ተቀብለው ፈረዱለት። ፍርዱም በይግባኝ ጸና። ዌልካም በፍርድ ቤት ረታ፤ በቋንቋ ግን ተረታ። ዛሬ ታብሎይድ የሚለውን ቃል የሚሰማ ሁሉ የሚያስበው ስለ ወሬ ጋዜጣ ነው፤ ከመድኃኒት የተወለደ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የመንግሥት መዝገብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ1885 የወጣው የብሪታንያ ፋርማኮፒያ የያዘው ታብሌት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ነው። ሁለተኛ ታብሌት ሳይጨመርበት እስከ 1945 ቆየ። ለስድሳ ዓመት ያህል ሕዝቡ ታብሌት ሲውጥ፣ ፋብሪካዎችም በሚሊዮን ሲያመርቱ፣ የሙያው መጽሐፍ ግን እንግዳውን መልክ ሊቀበል አመነታ። ብዙ ቀማሚዎችም ቅር ተሰኝተው ነበር። ሙቀጫና ዘነዘናቸው ሥራ ፈትቶ፣ የእነርሱ ድርሻ ከጠርሙስ ቆጥሮ መስጠት ብቻ እንዳይሆን ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የመቀመም ሥራ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ሌላ ሥራ በቦታው ተተካ፤ ይኸውም መልኩንና መጠኑን መርምሮ፣ ስሙን አጣርቶ፣ አሰጣጡን ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ሣጥኑና መንገደኞቹ

የታብሌት ጥቅም ጎልቶ የታየው በሩቅ መንገድ ነበር። ፈሳሽ ይፈሳል፣ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ዱቄት ይረጥባል፤ ታብሌት ግን ቀላል፣ ደረቅና የተለካ ነው። ዌልካም ይህን ተረድቶ ለተጓዦች የሚሆኑ የመድኃኒት ሣጥኖች አዘጋጀ። ወዳጁ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1887 ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሲጓዝ ዘጠኝ ሣጥኖች በስጦታ ወሰደ፤ በመጽሐፉም አመሰገነ። ወደ ደቡብ ዋልታ የተጓዘው ስኮትም ይህንኑ ሣጥን ይዞ ነበር። ዌልካም ስጦታውን ሲሰጥ ለማስታወቂያ እንደሚጠቅመው ያውቅ ነበር።

እውነቱ ሲነገር እነዚህ ሣጥኖች የሄዱባቸው መንገዶች ሁሉ የበጎ ሥራ መንገዶች አልነበሩም። የስታንሊ ጉዞ በአፍሪካውያን ተሸካሚዎችና በየመንደሩ ነዋሪዎች ላይ ከባድ እልቂት ያስከተለ ነበር። የተለካው መድኃኒት በመጀመሪያ የጠበቀው የጉዞውን አዛዦች ጤና ነበር። የመድኃኒት መልክ መሻሻል ለማን ቀድሞ እንደደረሰ ሲጠየቅ ይህ የታሪክ ክፍል መዘለል የለበትም።

በድርጅቱ ውስጥም ሰላም አልነበረም። በሮውዝ ለጋስና ችኩል፣ ዌልካም ጥንቁቅና ግትር ነበሩ። በሮውዝ ለሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንና የትርፍ ድርሻ እንዲሰጥ ያደረገ ሰው ነው። ሽርክናውን ለማፍረስ ፈልጎ ጉዳዩ በ1889 ፍርድ ቤት ደርሶ ለዌልካም ተፈረደ። በ1895 በሮውዝ በሳንባ ምች ሲሞት ዌልካም ብቸኛ ባለቤት ሆነ።

ላቦራቶሪውና የአድሬናሊን ጉዳይ

ዌልካም ከሌሎች የመድኃኒት ነጋዴዎች የተለየበት አንዱ ነገር ትርፉን ለምርምር ማዋሉ ነው። በ1894 የፊዚዮሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ አቋቁሞ የጉሮሮ ዘጊ በሽታ መከላከያ ሴረም ማምረት ጀመረ። በ1896 የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ተጨመረ። በ1904 ሄንሪ ዴል የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ተቀጠረ፤ ብዙዎች የንግድ ቤት ሎሌ ሆንክ እያሉ ቢነቅፉትም ሥራውን ቀጠለ። በ1936 ከኦቶ ሎይ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይኸው ሰው ነው።

በዴልና በዌልካም መካከል በ1906 የተነሣው አለመግባባት ስለ አንድ ቃል ነበር። ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚወጣውን ንጥረ ነገር የእንግሊዝ ፊዚዮሎጂስቶች አድሬናሊን ይሉት ነበር። ይህ ስም ግን፣ አንድ ፊደል ብቻ ጎድሎ፣ የአሜሪካው ፓርክ ዴቪስ ድርጅት የንግድ ምልክት ነበር። የራሱን ምልክት እንደ ንብ ቀፎ የሚጠብቀው ዌልካም የሌላውን መንካት አልወደደም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ በጽሑፋቸው ኤፒኔፍሪን የሚለውን እንዲጠቀሙ ፈለገ። ዴል በበኩሉ የሳይንስ ቋንቋ በነጋዴ ምልክት ሊገዛ አይገባም፣ ባልደረቦቹ ሁሉ የሚያውቁት ስም አድሬናሊን ነው ብሎ ጸና። በመጨረሻ ዌልካም እሺ አለ።

ይህ አለመግባባት ተራ የቃላት ጠብ አልነበረም። ዛሬም በድንገተኛ ሕክምና ክፍል አንዱ ብልቃጥ አድሬናሊን፣ ሌላው ኤፒኔፍሪን ተብሎ ይገኛል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያላወቀ ነርስ በጭንቅ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ስሞችን የማውጣት ሥራ የጀመረውና በ1953 የመጀመሪያውን ዝርዝር ያወጣው እንዲህ ያለውን አደጋ ለማስወገድ ነው። የንግድ ስም የሠሪው ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ግን የሁሉ መሆን አለበት። ዌልካም በታብሎይድ የመጀመሪያውን እውነት አረጋገጠ፤ ዴል በአድሬናሊን ሁለተኛውን አስታወሰው።

ከናይል ዳር እስከ ለንደን

ዌልካም በ1900 እና በ1901 ሱዳንን ጎበኘ። በካርቱም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በእርሱ ስጦታ የሐሩር አገር በሽታዎች ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር አንድሩ ባልፎር በከተማዋ የወባ ትንኝን በመዋጋት የታወቀ ሆነ። በናይል ላይ የሚንቀሳቀስ በጀልባ የተሠራ ላቦራቶሪም ነበረው። ከ1910 እስከ 1914 ደግሞ በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል በሚገኘው በጀበል ሞያ ታላቅ ቁፋሮ አካሄደ።

የግል ሕይወቱ ግን ደስታ አልነበረውም። በ1901 ሲሪ ባርናርዶን አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ በ1910 ተለያዩ፤ ትዳሩም በ1916 በፍቺ አበቃ። በዚያው በ1910 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ። ከዚያ በኋላ ጊዜውንና ገንዘቡን የወሰደው ዕቃ መሰብሰብ ነበር። ከመላው ዓለም የሕክምና መሣሪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሙቀጫ፣ መጽሐፍና ክታብ እየገዛ በ1913 በለንደን የሕክምና ታሪክ ቤተ መዘክር ከፈተ። የሰበሰበው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲደርስ አብዛኛው ከሣጥኑ ሳይወጣ ቀረ።

ከነዚህ መካከል የግዕዝ ብራናዎችና የኢትዮጵያ ክታቦች ይገኛሉ። ሊቁ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1972 ዝርዝራቸውን አውጥቷል። በአንገት የሚታሠረው ክታብም ሆነ በጥንታዊ የመድኃኒት ብራናዎች የተጻፈው ከማር ጋር ይጠጣ፣ በቅቤ ይቀባ፣ በጢስ ይታጠን የሚለው ትእዛዝ የሚመልሰው ያንኑ የዌልካምን የተማሪነት ጥያቄ ነው፤ በምን መልክ፣ በየት በኩል ይሰጥ? የአገራችን መድኃኒት አዋቂዎች ለአሰጣጥ መንገድ የጠራ ቃል ነበራቸው፤ ያልነበራቸው የመጠኑ መለኪያ ነው።

ዌልካም በ1932 የሰር ማዕረግ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። ሐምሌ 25 ቀን 1936 በ82 ዓመቱ በለንደን ዐረፈ። በኑዛዜው የድርጅቱን አክሲዮን በሙሉ ለባለአደራዎች ትቶ፣ ገቢው ለሕክምና ምርምርና ለሕክምና ታሪክ ጥናት እንዲውል አዘዘ። ዌልካም ትረስት የተባለው ይህ ተቋም በዓለም ካሉት ታላላቅ የምርምር ደጋፊዎች አንዱ ነው። ድርጅቱ ራሱ በ1995 ከግላክሶ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ከመድኃኒት ገበያ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ በፊት ግን በአሜሪካው ቅርንጫፉ የሠሩት ጌርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል፤ አሎፑሪኖልና አሲክሎቪር ከነርሱና ከባልደረቦቻቸው ሥራ የመጡ ናቸው።

የሚቀረው

ከዌልካም ሥራ ምን ቀረ ቢባል፣ ታብሎይድ፣ ሶሎይድ፣ ኢንዩልና ቬፖሮል የተባሉት ስሞች ከመደርደሪያ ወርደዋል። ሊከሰስባቸው የቆመላቸው ቃላት ለባለሙያው ትውስታ ብቻ ሆነዋል። የቀረው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ማለትም ይህ እንክብል ይህን ያህል ይዟል የሚለው ቃል ኪዳን ነው።

ቃል ኪዳኑ የሚጸናው ግን መጨረሻ ላይ ባለው ሰው ነው። ፋብሪካው በትክክል የለካው ታብሌት በምላስ ሥር መቀመጥ ሲገባው ቢዋጥ፣ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሸፈነው ካፕሱል ቢከፈት፣ በሽንት ወይም በፊንጢጣ የሚገባው በአፍ ቢወሰድ፣ ሚሊግራም ከማይክሮግራም ቢምታታ፣ የዌልካም የብረት ጉድጓድ የለካው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ የሚሰጠው ስም፣ መልኩና መንገዱ በአማርኛ በጠራ ቃል መነገር አለባቸው። ክኒን የሚለው ቃል ለሁሉ ማገልገሉ ለንግግር በቂ ነው፤ ለማዘዣና ለምልክት ጽሑፍ ግን የሚዋጥ፣ የሚመጠጥ፣ የሚሟሟ፣ በምላስ ሥር የሚቀመጥ ተብሎ መለየት ይገባዋል። እነዚህ ቃላት በማንም ስም አልተመዘገቡም፤ ማንም ሊያስመዘግባቸውም አይችልም። ስለዚህ ጠባቂያቸው በየመድኃኒት ቤቱና በየሆስፒታሉ የሚሠራው ባለሙያ ነው።